ከጤፍ ጆንያ መሐል የሚነበብ ግጥም

ሰኪና ሁዛይፋ ማንበብ የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ ፈጥኖ ማንበብን ግን ያስተማሯት ጋሼ ገብረ ማርያም ናቸው። ጋሼ ገብረ ማርያም በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ሸራ ወጥረው አሮጌ መጻሕፍት ያከራዩ ነበር። ኪራዩ የቀን ነው። ጠዋት የተወሰደ መጽሐፍ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካልተመለሰ ሁለተኛ ቀን ይቆጠራል። የአሥራ አንድ ዓመቷ ሰኪና ለሁለተኛ ቀን የሚሆን ሳንቲም ስላልነበራት የያዘችውን መጽሐፍ፣ ወፍራምም ይሁን ቀጭን፣ በዚያው ቀን መጨረስ ነበረባት።

ሥራ ደግሞ አለ። አባቷ ሁዛይፋ በወጣትነታቸው ከስልጤ መጥተው የእህል ገበያ በሆነው እህል በረንዳ ውስጥ የተቀደደ ጆንያ በመጠገን ቤተሰብ የመሠረቱ ሰው ናቸው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሰኪና አጠገባቸው ተቀምጣ ትሰፋለች። መጽሐፉን መሬት ላይ ትዘረጋና ገጹን በእግሯ ጣት ትይዘዋለች። እጇ ይሰፋል፣ ዓይኗ ያነባል። መርፌው ጣቷን የወጋት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከጋሼ ገብረ ማርያም መጽሐፎች አንዳንዶቹ ላይ የደም ጠብታ ነበረባቸው።

አባቷ ፊደል አልቆጠሩም። መጀመሪያ መጽሐፉን በጎሪጥ ያዩት ነበር። አንድ ቀን ግን ሲባጎውን በጥርሳቸው በጥሰው፣

«ለብቻሽ ምን ያስቅሻል? ምን ይላል?» አሏት።

«ስለ አንድ ቀበጥ ሰውዬ ነው፣ አባ።»

«እስኪ ጮክ በይ።»

ጮክ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰኪና ንባብ የሁሉም ሆነ። ኩንታል አውርደው ትንፋሽ የሚሰበስቡ ወዛደሮች ጆንያ ላይ ጋደም ብለው ያዳምጣሉ። ታሪኩ ጥሩ ቦታ ላይ ሲደርስ መኪና ከመጣ ይናደዳሉ። «ቆይ ቆይ፣ ሰውዬው ተያዘ ወይስ አመለጠ? እሱን ንገሪንና እንሂድ» የሚሏት ነበሩ።

አንድ ቀን ጋሼ ገብረ ማርያም ሽፋን የሌላት ስስ መጽሐፍ ሰጧት። «የሰሌዳው ጥግ» ትባላለች፤ ደራሲዋ ሸዋርካብሽ ምንይሉ።

«ይችን ማንም አይወስዳት። ግጥም ናት» አሉ። «ላንቺ ያለ ኪራይ ትሁንልሽ።»

ሰኪና ያችን መጽሐፍ በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ወስዳ መለሰች። ጋሼ ገብረ ማርያም በየጊዜው ከመጽሐፏ መጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ በእርሳስ ጭረት ያሰምሩ ስለነበር ቁጥሩን በትክክል ታውቀዋለች። ግጥሞቹ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ደሞዝ ቀን፣ ጫማው ተቀዶ ከኋላ ወንበር ስለሚቀመጥ ተማሪ ነበሩ። ሰኪና ግጥም የሚባለው ነገር ስለ ታላላቅ ጉዳይ ብቻ የሚጻፍ ይመስላት ነበር። እኚህ ሴትዮ ግን ስለ ጠመኔ ጽፈዋል። ስለ ጠመኔ ከተጻፈማ ስለ ጆንያም ይጻፋል አለች በልቧ፤ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጀርባ ላይ የመጀመሪያ ግጥሟን ጻፈች።

ሰኪና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ የአባቷ ዓይን መድከም ጀመረ። ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ቀረና የጆንያ ሥራው የሷ ሆነ። በዚያው ዓመት ጋሼ ገብረ ማርያም አረፉ። ከቀብራቸው በኋላ ወደ አጥሩ ስትሄድ ሸራው ተነሥቷል። መጽሐፎቹን ለሱቅ መጠቅለያ በኪሎ የገዛ ሰው ወስዷቸዋል። «የሰሌዳው ጥግ»ም አብራ ሄደች። ሰኪና ሦስት ቀን ሙሉ በየበርበሬውና በየቅመም ሱቁ እየዞረች የመጠቅለያ ወረቀት ስታገላብጥ ዋለች። አላገኘችም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ መናገር ይቻላል። ሰፋች፤ አነበበች፤ ጻፈች። በእጅ ከመስፋት በእጅ ወደሚያዝ የጆንያ መስፊያ ማሽን ተሸጋገረች። አግብታ ሁለት ሴት ልጆች ወለደች። ባሏ ሙሉቀን የከባድ መኪና መካኒክ ነው፤ ግጥም ባይገባውም ስትጽፍ ልጆቹን ይዞ ወጣ ይላል፣ ይኸውም ለሷ ትልቅ ነገር ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላት ሰማንያ አራት ግጥም አጠራቅማለች። በዚያው ሰሞን እቁብ ወጣላት። ጎረቤቱ ሁሉ ፍሪጅ ትገዛለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ መጽሐፍ አሳተመች። «አፉ የተሰፋ» ትባላለች፤ አንድ ሺህ ቅጂ። ርዕሱ የተወሰደው ከዚህ ግጥም ነው፦

ሆድህን ሞላሁት፣ አፍህን ሰፋሁት፣
ስንቱን የገበሬ ቃል ውስጥህ ቀበርሁት።
ከመኪና ወርደህ ነገ ስትፈታ፣
ጤፉ ሲንቆረቆር ድምፁን ስሙት ላፍታ።

አከፋፋዩ ሦስት መቶ ቅጂ ወሰደ። ከስድስት ወር በኋላ ሁለት መቶ ሰባ አንዱን በጋሪ ጭኖ መለሰላት።

«እህቴ፣ ግጥም አይሄድም። ልቦለድ ካለሽ አምጪና እንነጋገር» አላት፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሐዘኔታ ነው የተናገረው።

መጽሐፎቹን ጆንያ በምትሰፋበት መጋዘን ጥግ፣ ከጤፍ ጆንያዎች ኋላ ደርድራ በፕላስቲክ ሸፈነቻቸው። ለአንድ ወር ያህል ወደዚያ ጥግ ዞራ አላየችም። የእህል ነጋዴዎቹ «ደራሲዋ፣ መጽሐፉ እንዴት ነው?» ሲሏት «ይሄዳል» ብላ ታልፋለች። የሚያስጠላት ውሸቱ ነበር እንጂ አለመሸጡ አልነበረም።

አባቷ አሁን ዓይናቸው ጨርሶ ባያይም በየቀኑ እየተመሩ መጥተው መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣

«ሰኪና፣ መጽሐፍሽን ለምን አታነቢልኝም?» አሉ።

«አልተሸጠም እኮ፣ አባ።»

«መቼ ሽጪልኝ አልኩሽ? አንብቢልኝ ነው ያልኩሽ። እኔ በዕድሜዬ አንድም መጽሐፍ ገዝቼ አላውቅም። ስንቱን ግን ሰምቻለሁ!»

ሰኪና ይህን ቃል ስትሰማ ማሽኗን አጥፍታ ጎናቸው ተቀመጠች። አባቷ ያሉት እውነት ነው። ሲያዳምጧት የኖሩት ወዛደሮች አንዳቸውም መጽሐፍ ገዝተው አያውቁም። ግን ከመጽሐፍ መደብር ደንበኛ የበለጠ ታሪክ በልባቸው ይዘዋል። እሷ ደግሞ ሰሚዎቿን ትታ ገዢ ስትፈልግ ከርማለች።

በማግሥቱ ስልኳን ይዛ ወደ መጋዘኑ ውስጥ ገባች። ውጭው የመኪና ጥሩንባና የደላላ ጩኸት ነው። በተከመሩት የጤፍ ጆንያዎች መሐል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ግን ድምፅ ሁሉ ተውጦ ይጠፋል። እዚያ ቆማ «አፉ የተሰፋ»ን አንብባ ቀዳች። መልሳ ስትሰማው የገዛ ድምፅዋ ጥርት ብሎ፣ ጆሮዋ ሥር የሚነገር ያህል ተሰማት። ቴሌግራም ላይ «እህል በረንዳ» የሚል ቻናል ከፈተችና ለቀቀችው።

የመጀመሪያዎቹ ተከታዮች ዘጠኝ ነበሩ፤ አምስቱ ዘመዶቿ ናቸው። አሥረኛው የወዛደሮቹ አለቃ ውቤ ነው። ውቤ ሰኪናን ከልጅነቷ ያውቃታል፤ ያኔ ጋደም ብለው ከሚያዳምጧት አንዱ ነበር። ቅጂውን ጤፍ ጭነው ለሚመጡ ሾፌሮች በሙሉ ላከላቸው። «ይቺ የኛ ልጅ ናት። መንገድ ላይ ስሟት፣ እንቅልፍ አይወስዳችሁም» ይላቸዋል። ሾፌሮቹ ለሌሎች ሾፌሮች ላኩ። አንዱ ከሻሸመኔ፣ አንዱ ከሎጊያ፣ አንዱ ከመተማ መንገድ የድምፅ መልእክት ይልክላት ጀመር። ከሚመጡት መልእክቶች ጀርባ የሞተር ድምፅ ይሰማል። በአራት ወር ውስጥ ተከታዮቿ ሦስት ሺህ ሞሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ውቤ እየሮጠ መጣ።

«ሰኪና! መጽሐፍሽን ቴሌግራም ላይ በነፃ እየበተኑት ነው!»

ስልኩን ተቀብላ አየች። «ነፃ ንባብ» የሚባል፣ ስድሳ ሺህ ተከታይ ያለው ቻናል ነው። መጽሐፏ ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው በስልክ ፎቶ ተነሥቶ፣ ፒዲኤፍ ሆኖ ተለጥፏል። አንዳንዱ ገጽ ላይ የያዘው ሰው አውራ ጣት ይታያል። ያወረደው ሰው ቁጥር አራት ሺህ አልፏል።

ሰኪና ደሟ ፈላ። ወዲያውም ሌላ ስሜት መጣባትና ራሷን ግራ አጋባት፤ ያሳተመችው አንድ ሺህ ቅጂ ነው፣ አራት ሺህ ሰው ግን መጽሐፏን ፈልጎ ወስዷል! በንዴትና በደስታ መሐል ሆና ለቻናሉ ባለቤት ጻፈች። «የዚህ መጽሐፍ ደራሲ እኔ ነኝ። አንተ ማን ነህ?»

መልሱ በደቂቃ ውስጥ መጣ። «እርስዎ ሰኪና ነዎት? እውነትዎን ነው?! ፉርቃን እባላለሁ። እባክዎ ይቅርታ። የት ላግኝዎት?»

«አንተ የት ነህ?»

«መሳለሚያ።»

ከመጋዘኗ በእግር ሩብ ሰዓት አይሆንም። ማሽኗን አጥፍታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ፉርቃን ታክሲ መያዣው አጠገብ በአንዲት ኮንቴይነር ውስጥ ሞባይል የሚጠግን፣ ሠላሳ ዓመት የሆነው መነጽራም ሰው ነው። ስትገባ ብድግ ሲል የፈታው ስልክ ብሎን ሁሉ መሬት ላይ ተበተነ።

«መጽሐፌን ማን ስጥ አለህ?» አለችው ሳትቀመጥ።

«ማንም» አለ። «ሚኒባስ ውስጥ ወድቃ አገኘኋት። አነበብኳት። ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ለጓደኞቼ ልግዛ ብዬ አራት መደብር ጠየቅሁ፤ ሁሉም "የለንም" አሉኝ። ከዚያ...»

«ከዚያ ሰረቅህ።»

ፉርቃን አንገቱን ደፋ። «አሁኑኑ አጠፋዋለሁ፣ እትዬ።»

«እትዬ አትበለኝ፤ ያን ያህል አላረጀሁም። ስንት መጽሐፍ አለ እዚያ ቻናል ላይ?»

«ዘጠኝ መቶ ገደማ።»

«ስንቱን አስፈቅደሃል?»

ፉርቃን ጎንበስ ብሎ የተበተነውን ብሎን ይለቅም ጀመር። ሰኪና ያኔ ቁጭ አለች። ዙሪያውን ስታይ የኮንቴይነሩ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መጽሐፍ ነው፤ የስልክ መለዋወጫው በካርቶን ሆኖ መሬት ላይ ተጥሏል። ንዴቷ በረደ ማለት አይደለም። ግን እንደሷ መጽሐፍ ያሳበደው ሰው ፊት መሆኗ ገባት።

«የኔን አታጥፋው» አለችው በመጨረሻ። «ፎቶው ግን ያሳፍራል፤ እኔ ንጹሑን እሰጥሃለሁ፣ ጣትህን ከግጥሜ ላይ አንሣ። ከሥሩ ስልኬን ጻፍ፤ ወረቀቱን የሚፈልግ ይደውል። የሌሎቹን ደራሲዎች ደግሞ አንድ በአንድ ፈልገን እንጠይቃለን። እሺ ያለ ይቆያል፤ እምቢ ያለ ይወርዳል፤ ያልተገኘ እስኪገኝ ይወርዳል።»

«ሰው ሁሉ ጥሎን ይሄዳል» አለ ፉርቃን።

«ይሂድ።»

ሄደም። ከዘጠኝ መቶው መጽሐፍ ስድስት መቶ ሃያው ወረደ። ስድብ ዘነበባቸው። «ማን ሾማችሁ?» ያለ አለ፤ «እናንተም ነጋዴ ሆናችሁ» ያለ አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሃያ ሁለት ሺህ ሰው ቻናሉን ለቆ ወጣ። ፉርቃን ቁጥሩ ሲወርድ ስልኩን ማየት እየፈራ ሰኪናን «አሁን ስንት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃት ነበር።

ከዚያ ግን መደወል ተጀመረ። መጀመሪያ ከሐዋሳ አንድ የባንክ ሠራተኛ፤ «ስልክ ላይ አንብቤዋለሁ፣ ለእናቴ ስጦታ ወረቀቱን እፈልጋለሁ» አለ። ቀጥሎ ከባሕር ዳር፣ ከጅማ፣ ከወልድያ። ሰኪና እያሸገች ለውቤ ትሰጣለች፤ ውቤ እህል አራግፎ ለሚመለስ ሾፌር ያስረክባል። ጤፍ ያመጣው መኪና ግጥም ይዞ ይመለስ ጀመር። መጋዘኑ ጥግ ላይ በፕላስቲክ ተሸፍኖ የነበረው መጽሐፍ በአምስት ሳምንት ውስጥ አለቀ። የመጨረሻዋን ቅጂ የወሰደው ያው «ግጥም አይሄድም» ያላት አከፋፋይ ነው። ደንበኞች ስላስቸገሩት ሊጠይቃት መጥቶ ነበር። «ስንት ቅጂ አለሽ?» ሲላት «አንድ» አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ። ሁለተኛውን እትም እሱው በራሱ ወጪ ላሳትም ብሎ ለመናት።

ፈቃድ የሚጠየቁ ደራሲዎችን ስም ዝርዝር ሲያዘጋጁ ሰኪና ከሁሉ በላይ «ሸዋርካብሽ ምንይሉ» ብላ ጻፈች።

«ይህ መጽሐፍ እኛ ጋ የለም» አላት ፉርቃን።

«አውቃለሁ። እንፈልገዋለን።»

ማስታወቂያ አወጡ። ሰኪና ከጆንያዎቹ መሐል ቆማ ከልጅነቷ በቃሏ የያዘችውን «ጠመኔ» የሚለውን ግጥም አንብባ፣ «ይህን መጽሐፍ ያያችሁ፣ ደራሲዋን የምታውቁ» ስትል ለቀቀችው። በሁለተኛው ቀን ከደሴ ሩሀማ የምትባል ፋርማሲስት መልስ ላከች። መጽሐፉ ከሟች አባቷ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ግን የመጨረሻዎቹ ስምንት ገጾች ተገንጥለዋል። ያለውን ሁሉ በጥንቃቄ ስካን አድርጋ ላከችው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አንዲት አድማጭ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እትዬ ሸዋርካብሽ አራተኛ ክፍል አስተምረውኛል። በሕይወት አሉ። መሳለሚያ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው ቤታቸው።»

መሳለሚያ! ሰኪና ከሃያ ዓመት በላይ በግጥማቸው ብቻ የምታውቃቸው ሴት ከፉርቃን ኮንቴይነር ሁለት መቶ እርምጃ ራቅ ብለው ይኖሩ ነበር።

በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ድምፃቸው አሁንም ክፍል ጸጥ የሚያሰኝ።

«ከወረዳ ከሆናችሁ ቅጹን ባለፈው ሞልቻለሁ» አሉ።

«ከወረዳ አይደለሁም፣ እትዬ። ስለ መጽሐፍዎ ነው የመጣሁት። ስለ "የሰሌዳው ጥግ"።»

እትዬ ሸዋርካብሽ በሩን እንደያዙ ቆሙ። «ያ መጽሐፍ ሞቷል፣ ልጄ» አሉ። «አምስት መቶ አሳትሜ አራት መቶው መጋዘን ውስጥ ውሃ ገባበት። የቀረውን ለጓደኛ ለዘመድ ሰጠሁ። አንድ ሰው እንኳ አነበብኩት ብሎኝ አያውቅም። እኔ ራሴ ጋ አንድ ቅጂ የለም። ከዚያ ወዲህ ብዕር አላነሣሁም። ማን ነው ስለሱ የነገረሽ?»

ሰኪና እዚያው ደጃፉ ላይ ቆማ «ጠመኔ»ን አለችው፦

በጥቁር ሰሌዳ ነጭ ቃል እየጻፍሁ፣
እኔው እያለቅሁኝ ሰው ግን አተረፍሁ።
አቧራዬን ብቻ በጣታቸው ነክረው፣
ያላልሁትን ሁሉ ይጻፉት ዘርዝረው።

ስትጨርስ አሮጊቷ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ጣታቸውን ቀስረው ነበር።

«"ይዘው" ነው እንጂ "ነክረው" አይደለም» አሉ። «አቧራ አይነከርም። ግቢ፣ ግቢ፤ ቁጭ በይና ከመጀመሪያው በይው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሰኪና በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ከሰዓት እዚያ ቤት ትውል ነበር። የጠፉት ስምንት ገጾች ላይ አራት ግጥሞች ነበሩ። ሦስቱን ሰኪና በቃሏ ታውቃቸዋለች፤ እትዬ ሸዋርካብሽ እያዳመጡ ያርማሉ። አንዳንዴ ደግሞ ሰኪና የምትለው የተሻለ ሆኖ ሲያገኙት «እኔ እንዲህ አልጻፍኩም፤ ግን ተይው፣ ያምራል» ይላሉ። አራተኛውን ግጥም ሁለቱም አላስታወሱትም። ርዕሱን ብቻ ያውቃሉ፤ «የደወሉ ገመድ» ይባላል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሞከሩ፤ እምቢ አለ።

«ገጹን ባዶ እንተወው» አለች ሰኪና።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ስትመጣ ግን ጠረጴዛው ላይ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ጠበቃት። ሃያ ስንኝ ነው። ስርዝ ድልዝ የበዛበት «የደወሉ ገመድ»።

«አስታወሱት?» አለች ሰኪና በደስታ ጮኻ።

«አላስታወስሁትም» አሉ፤ ፊታቸው ላይ የልጅ ዓይነት ኩራት ነበር። «እንደ አዲስ ጻፍኩት።»

ሰኪናና ፉርቃን መጽሐፉን ለማሳተም በቻናሉ ላይ ቅድሚያ ትእዛዝ ሲጠይቁ ሦስት መቶ ሰው ቢገኝ ብለው ነበር። በአሥር ቀን ውስጥ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው አዘዘ። የምረቃው ቦታ ላይ ግን ክርክር ሆነ። ፉርቃን ሆቴል አዳራሽ አሰበ። ሰኪና «እህል በረንዳ ይሁን፣ እሑድ፣ ገበያ በሌለበት» አለች። እነውቤ ግቢውን ጠርገው፣ ውሃ ረጭተው፣ በገለባ የተሞሉ ጆንያዎችን በመደዳ ለመቀመጫ ደረደሩ። የእህል ነጋዴዎቹ ድምፅ ማጉያ ተከራዩ።

እሑድ ጠዋት ሰኪና እትዬ ሸዋርካብሽን በላዳ ልታመጣቸው ሄደች። ነጭ ሀገር ልብስ ለብሰው፣ ግን ፊታቸው ጠቁሮ ጠበቋት።

«ስሚ፣ ሰኪና፤ ሰው ካልመጣ ቶሎ እንመለሳለን። ቁጭ ብዬ ባዶ መቀመጫ ማየት አልችልም። አንድ ጊዜ አይቸዋለሁ፣ ይበቃኛል።»

«እሺ፣ እትዬ» አለች ሰኪና። እሷም ብትሆን እርግጠኛ አልነበረችም፤ ስልክ ላይ እመጣለሁ ማለት ቀላል ነው።

ላዳዋ ወደ ግቢው መታጠፊያ ስትደርስ መንገዱ ተዘግቷል። ሾፌሩ «ሠርግ አለ መሰለኝ፣ ከዚህ አያልፍም» አለ። ሠርግ አልነበረም። ግቢው ሞልቶ ሰዉ ወደ መንገዱ ፈስሷል። ወጣቶች ጆንያዎቹን ለአዛውንት ለቀው ቆመዋል። ሾፌሮች መኪናቸውን ዳር አስይዘው ጋቢናው ላይ ወጥተዋል። ሩሀማ ከደሴ ድረስ የአባቷን ቅጂ በጨርቅ ጠቅልላ መጥታለች። ፊት ለፊት ደግሞ ሽበት የጀማመራቸው ሠላሳ ያህል ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ የእትዬ ሸዋርካብሽ የድሮ ተማሪዎች ናቸው። መምህሯ ከመኪናው ሲወርዱ ማንም ሳያዛቸው፣ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ፣ ባንድ ድምፅ «እንደምን አደሩ፣ መምህር!» አሉ።

እትዬ ሸዋርካብሽ የሰኪናን ክንድ አጥብቀው ያዙ። «ሁሉም የመጣው ለኔ ነው?» ብለው ጠየቋት በሹክሹክታ።

«ለእርስዎ ነው።»

መድረኩ ላይ ወጥተው «ጠመኔ»ን ማንበብ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ስንኝ ሲሉ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ እንባ ይሁን ድካም አልታወቀም። ያኔ ከሕዝቡ መሐል ሁለተኛውን ስንኝ አንድ ሰው አለው። ቀጥሎ ሌሎች ተከተሉት። ግጥሙን ከሰኪና ድምፅ መቶ ጊዜ ሰምተውታል፤ መጽሐፉን ዓይቶት የማያውቀው ወዛደር ሁሉ በቃሉ ይዞታል። የእህል በረንዳ ግቢ ባንድ አፍ «ያላልሁትን ሁሉ ይጻፉት ዘርዝረው» ሲል ሕፃናት ደንግጠው እናቶቻቸውን ያዙ። ሰኪና መድረኩ ሥር ከአባቷ ጋር ቆማ ነበር። አባቷ ማየት ባይችሉም አንገታቸውን ከፍ አድርገው ወዲያና ወዲህ እያዞሩ፣ «ስንት ነው ሰው? ስንት ይሆናል?» ይሏት ነበር። እሷ ግን አፏን ይዛ ታለቅስ ስለነበር ልትመልስላቸው አልቻለችም። የመለሰላቸው ውቤ ነው። «ጋሼ ሁዛይፋ፣ ጠጠር መጣያ የለም!»

እትዬ ሸዋርካብሽ ጠረጴዛ ተዘርግቶላቸው እስከ ቀትር ፈረሙ። መፈረም ስለማያውቁ ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጽፉለት ነበር፤ ሰልፉ አልጨርስ ቢልም ያማረረ ሰው አልነበረም። የመጣው አንድ ሺህ አምስት መቶ ቅጂ አለቀ። ያላገኙት በስልካቸው ላይ እንዲፈርሙላቸው ጠየቋቸው፤ መምህሯ ግን ሰዎቹ እስኪያብራሩላቸው ድረስ ስልክ ላይ እንዴት እንደሚፈረም አልገባቸውም ነበር።

«ነፃ ንባብ» ዛሬ «የተፈቀደ ንባብ» ይባላል። ተከታዮቹ ከበፊቱ በሦስት እጥፍ በልጠዋል፤ አምስት መቶ አሥር ደራሲዎች በፊርማቸው ፈቅደዋል፤ ገና ያልታተመ ሥራቸውን በሰኪና ድምፅ እንዲነበብላቸው የሚልኩም አሉ። ሰኪና ሁለተኛ መጽሐፏን በዚህ ዓመት አውጥታለች። የጆንያ ሥራዋን ግን አልተወችም። ለምን ብለው ሲጠይቋት፣ «እዚያ ባልቀመጥ ስለ ምን እጽፋለሁ?» ትላለች።

ከምረቃው በኋላ ባለው ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ እህል የተሞሉ አርባ ጆንያዎች ለመሰፋት ተደርድረው ሳለ ስልኳ ጠራ። እትዬ ሸዋርካብሽ ናቸው።

«ሰኪና፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት ግጥም ጻፍኩ። አንዱ ጥሩ ነው፤ ሁለተኛውን ግን እንጃ። መጥተሽ ስሚኝ።»

«ከሰዓት እመጣለሁ፣ እትዬ።»

«አሁን ነይ! ከሰዓት ሌላ እጽፍ ይሆናል።»

ሰኪና ማሽኗን አጠፋች። ለነጋዴው «አንድ ሰዓት ታገሠኝ» አለችው፤ ጫማዋ ላይ የተበተነውን ጤፍ አራግፋ ወደ መሳለሚያ እየተጣደፈች ሄደች።